ሯጩ፣ ድሎቱና ዋርካው

ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ያላየሁትን ደግሞ ካየው ሰው ጠይቄ አሟልቼዋለሁ፤ እሱ ዋሽቶኝ ከሆነ ኃጢአቱ የራሱ ነው። የከተማችንን ስም ግን አትጠይቁኝ። ስምስ አላት። ብናገረው አገሬው ሁሉ «የኛን ጉድ አደባባይ አወጣው» ብሎ ይቀየመኛል፣ እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከተቀየመ ደንበኛ ጋር ሱሪ መለካካት አይሆንልኝም።

በከተማችን ሳይለማመዱት የሚገዛ ነገር የለም። ደንቡ የወጣው ከደወሉ ወዲህ ነው። እኔ ሳልወለድ አንድ ትልቅ ደወል ተገዝቶ መጣ፤ ሲለኩት ከማማው በር በሁለት ክንድ ይበልጣል። ማማውን አፍርሰው እንደገና ሠሩና ሰቀሉት። በተደወለ በሳምንቱ ዶሮዎቹ በሙሉ እንቁላል መጣል አቆሙ። ያኔ የከተማው ሰው ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችን በፊት እንደገዛነው ሆነን እንለማመደዋለን» ብሎ ወሰነ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ደንብ ነው። ድልድይ ይሠራልን ባልን ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ሜዳ ላይ በኖራ በተሰመረ መስመር አንድ በአንድ ስንሻገር ከረምን። አንድም ሰው ውኃ ውስጥ አልወደቀም። ድልድዩ አስተማማኝ መሆኑ በዚህ ስለተረጋገጠ ሳይሠራ ቀረ።

ጋሽ ደጀኔ የዚህች ከተማ ሹፌር ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከተማዋ መኪና የላትም። መኪናው የመጣ ዕለት ሹፌር ፍለጋ ከመሯሯጥ ብለው አስቀድመው ቀጠሯቸው። መንጃ ፈቃዳቸው አንደኛ ደረጃ ነው። ፈተናውን የወሰዱት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንደ መሪ ወንፊት ይዘው፣ ሦስት ፈታኞች ፊት ነው፤ ወደ ቀኝ ይታጠፉ ሲሏቸው ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ፍሬን ሲሏቸው ፍሬን ያዙ። አንዱ ፈታኝ በፍጥነታቸው ደንግጦ ባርኔጣውን ያዘ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው አደባባዩ ላይ ካለው ዋርካ ፊት ለፊት በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ወንፊቱን ይይዛሉ፣ በአፋቸው «ድድድድድ» ብለው ሞተር ያስነሳሉ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይነዳሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊታቸው የነበረው ያው ዋርካ ነው። ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው ብትጠይቋቸው ሳያዩ ይነግሯችኋል።

ማታ ቤት ሲገቡ ሚስታቸው እትዬ አሰገደች፣ ገበያ ላይ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጡት፣ የጫማቸውን ክር እየፈቱላቸው «ዛሬስ የት ደረስክ?» ይሏቸዋል።

«እዚያው ነኝ» ይላሉ ጋሽ ደጀኔ።

ይሄን ተባብለው ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝና ሳቁን በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሳቁት እትዬ አሰገደች ብቻ ነበሩ።

ጡረታ በኛ ከተማ በስልሳ ዓመት ነው። ጋሽ ደጀኔ ስልሳ ሊሞላቸው ሃያ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሱቄ መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«እጅጌዋን ሰፋ አድርግልኝ» አሉኝ። «ስታጠፍ ትይዘኛለች።»

«በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ስንቴ ሊታጠፉ ነው ጋሼ?»

«አልሰማህም? አውራ ሹሙ መኪናው ዘንድሮ ይገዛል ብለዋል። ፎቶው መጥቷል።» ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ስማ፣ ለሰው እንዳታወራ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የሚሄድ ነገር ብነዳ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሃያ አንድ ቀን አለኝ። ካመለጠኝ አመለጠኝ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እጅጌውን በሁለት ጣት አሰፋሁላቸው፣ ገንዘባቸውንም አልተቀበልኩም።

ፎቶዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ያለ መኪና ሻጭ ነው የላካቸው። ሁለቱም ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ትልልቅ፣ ጭቃም አስፋልትም የማይመርጡ መኪኖች ናቸው። አንዱ ስፖርት ነው ተባለ፤ አፍንጫው ሾጠጥ፣ ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ቆሞ እንኳ የሚያባርረው ሰው ያለ የሚመስል። ሌላው ቅንጡ ነው ተባለ፤ ሰፊ፣ ወንበሩ ቆዳ የለበሰ፣ ገና ሳይገቡበት እንቅልፍ የሚያመጣ። እኛ አንደኛውን ሯጩ፣ ሁለተኛውን ድሎቱ አልናቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች።

በስብሰባው ላይ አውራ ሹሙ ቀጥ ብለው ተነሱና «ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚጠላ ሰው ግን ይጠንቀቅ» ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን አጨበጨበላቸው። የልምምድ ሹሟ ወይዘሮ ትርንጎ ትልቁን ደብተራቸውን ገለጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቀልድ ሲነገራቸው እንኳ መጀመሪያ መዝግበው ነው የሚስቁት።

«የሹፌሩ አስተያየት ይሰማ» አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «እኔ እንኳን የሚሄደውን ነው የምፈልገው» አሉ።

ሰዉ ተያየ። ሯጩም ድሎቱም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ሊነሳ ነው ብለው የፈሩም ነበሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን «ተናግረዋል፣ ተመዝግቧል፣ ይቀመጡ» አሏቸውና ልምምዱ በማግስቱ እንዲጀመር ሆነ።

ሁለቱ መኪኖች ዋርካው ሥር ተሠሩ። ሯጩ በሁለት አጣና ላይ የተመቱ አራት በርጩማዎች ነበር። ፍጥነቱ እንዲታወቅ ሁለት ጠንካራ የወፍጮ ቤት ተሸካሚዎች አጣናውን ከኋላ ይዘው ይንጡታል፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከፊት ቆማ በሰፌድ ንፋስ ታመጣለች። ድሎቱ የአውራ ሹሙ ሁለት ሶፋዎች ናቸው። ልባሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ቆዳ ስለጠፋ ከአሮጌ ከበሮ ላይ ገፍፈን ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት ድም ይላል። የድሎቱ ሞተር አይሰማም ስለተባለ ድሎቱ በሚሄድበት ሰዓት አደባባዩን የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በእጁ እንዲይዝ ታዘዘ።

እኔ በሁለቱም ሦስተኛው ወንበር ላይ ተሳፋሪ ሆኜ ተመደብኩ። ጋሽ ደጀኔ ጠዋት ሯጩን፣ ከሰዓት ድሎቱን ይነዳሉ። ወዴት እንደምንሄድ ወይዘሮ ትርንጎ ከደብተራቸው ያነቡልናል። «ዛሬ ወንዙ ድረስ» ይሉናል፤ ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ስንሳፈር የሚሰናበተን አልነበረም፤ ዓይናቸው ሥር ቁጭ ብለን ማንን ይሰናበታሉ? ስንወርድ ግን ሰዉ ተሰልፎ ይጠብቀናል። «እንኳን ደህና ገባችሁ! መንገዱ እንዴት ነበር?» ይሉናል። መጀመሪያ መጀመሪያ አፍረን ነበር። በአራተኛው ቀን «አቧራው ነው እንጂ ደህና ነበር» ማለት ጀመርኩ። በስድስተኛው ቀን አንዲት ሴት ከወንዙ ማዶ ያለችው እህቷ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ ደህና ናት አልኳት። እሷም ደስ ብሏት ሎሚ ሰጠችኝ። ወስጄዋለሁ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ከአደባባዩ አለፈ። የሯጩ ወገኖች ሰላምታ መጨረስ ተዉ። «እንደምን—» ብለው አልፈው ይሄዳሉ፤ «አደራችሁ» የሚለውን ለሚቀጥለው ቀን ያሳድሩታል። የድሎቱ ወገኖች በተቃራኒው ትራስ ሳይዙ ከቤት መውጣት አቆሙ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሊገዙ ሄደው መጀመሪያ ጋደም ይላሉ። የሯጩ ወገን የሆነ አንድ ሙሽራ ከድሎቱ ወገን ሊያገባ ሄዶ፣ እሱ ምርቃቱ ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ፣ እሷ ደግሞ በማግስቱ ደረሰች። ጋብቻው ግን ጸንቷል፤ አሁን መንታ ልጆች አሏቸው።

ጋሽ ደጀኔ ይሄን ሁሉ እያዩ ቀናቸውን ይቆጥሩ ነበር። አሥራ አምስት። አሥራ ሦስት። አሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት፣ ተሸካሚዎቹ ቁርሳቸውን በደንብ በልተው መጥተው ኖሮ ሯጩን አጉል ናጡት። አጣናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋላችን የቆመውን የድሎቱን ሶፋ እግር ገጨውና አንዱ እግር ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ወይዘሮ ትርንጎ ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉ፣ ከዚያ አነበቡት። «ግጭት። መንስኤው ሹፌሩ ወደ ኋላ ሳያይ መሄዱ። ቅጣት፣ መንጃ ፈቃዱ ለአምስት ቀን ታግዷል።» መንገዱም ለምርመራ ለሦስት ቀን ተዘጋ። አናጢው የሶፋውን እግር ከጠገነ በኋላ በሩ ላይ «ጋራዥ» ብሎ ለጠፈ።

እትዬ አሰገደች ሳሙናቸውን ትተው እየገሰገሱ መጡ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ኧረ በፈጠረሽ! ያልሄደ መኪና እንዴት ይጋጫል?»

«እትዬ አሰገደች፣ ያልሄደ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይጋጭ ነበር?»

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሳሙናቸው ተመለሱ። ማታ በግድግዳው በኩል «ዛሬስ የት ደረስክ?» ሲሉ አልሰማሁም። አምስቱን ቀን ጋሽ ደጀኔ ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ፤ ያለ ወንፊቱ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር።

መኪኖቹ የመጡት በመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ነው። አውራ ሹሙ «ልምምዱ ስለተሳካ ሁለቱንም እንያቸውና ከልምምዱ ጋር አስተያይተን አንዱን እንምረጥ» ብለው ልከውባቸው ኖሯል። ወንዙን መኪና በሚያሻግረው ጀልባ ተሻግረው ከተፍ አሉ። ሯጩን የምትነዳው ስንዱ የምትባል ቆፍጣና ልጅ ነበረች፣ የሻጩ ወኪል ናት። ድሎቱን የሚነዳው ወንድሟ ጌጡ ነው፤ የደከመው፣ አቧራ የጠጣ፣ መንገድ ያማረረው ሰው።

ጋሽ ደጀኔ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተው ቆመዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ሯጩ ተጠጉና እጃቸውን ወደ በሩ ሰደዱ።

«እንዳይነኩ!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «የከተማዋ ሹፌር ያልጸደቀ መኪና አይነካም። ደንብ ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ስንዱና ጌጡ አውራ ሹሙን፣ ወይዘሮ ትርንጎንና የልምምዱን ኮሚቴ እያሳፈሩ መኪኖቹን አደባባዩ ዙሪያ በየተራ ነዱ። ኮሚቴው እየወረደ ተወያየ። ሯጩ አይንጥም ተባለ። «የኛ ሯጭ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ፍጥነቱ በምን ይታወቃል?» ድሎቱ ደግሞ ጥላ የለውም ተባለ። ልምምዱ ላይ ዋርካው ከላይ ነበር። ወንበሩም ወደ ጎረቤት ዞሮ ለመጨዋወት አይመችም፤ ሲቀመጡበትም ድም አይልም። ወይዘሮ ትርንጎ ውሳኔውን አነበቡ። «ሁለቱም መኪኖች ከጸደቀው ጋር ስለማይመሳሰሉ ውድቅ ሆነዋል። ዋርካው ሥር ያሉት ሁለቱ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ መኪኖች እንዲሆኑ ተወስኗል።»

ጭብጨባው ለጉድ ነበር! የሯጩም የድሎቱም ወገን አሸነፈ፤ የተሸነፈ አልነበረም። ሰው ተቃቀፈ። የሯጩ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታቸውን እስከ መጨረሻው አደረሱ። እኔ ግን ዓይኔን ከጋሽ ደጀኔ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዋርካውን ያዩታል።

«አለቀልኝ» አሉኝ ስጠጋቸው። «ስድስት ሰዓት ላይ ጡረታ እወጣለሁ። እዚሁ ጀምሬ እዚሁ ጨረስኩ።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

በዚህ መሃል ጌጡ ወገቤን ላሳርፍ ብሎ ዋርካው ሥር ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ከበሮው ድም አለ። ጥላው ደስ ይላል፣ ሴቶቹ እንደለመዱት በሰፌድ ንፋስ አመጡለት፣ አንዷም «እንኳን ደህና ገባህ» ብላ ውኃ ሰጠችው።

«ጌጡ፣ ተነስ እንሂድ» አለችው ስንዱ።

«ወዴት?» አላት ዓይኑን ጨፍኖ። «ደርሰናል እኮ።»

አውራ ሹሙ ጆሯቸው ቆመ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማዋ ሹፌር የላትም፤ እዚህ ደግሞ ወንዝ የተሻገረ፣ ልምድ ያለው ሹፌር ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ጠየቁት። ጌጡ ነዳጅ እንደሌለ፣ አቧራ እንደሌለ፣ ከሰዓት በኋላ ከሰው ጋር እየተጨዋወቱ እንደሚነዳ ሲሰማ «ለዚህማ ምን ያስጠይቃል!» አለ። እዚያው ተቀጠረ።

«አንተ ዕቃ! አብደሃል?» ስንዱ ጮኸች። «ሁለት መኪና ይዤ መጥቼ አንዱን በእጄ ልንዳ፣ ሌላውን በእግሬ?»

«ሰው ፈልጊ» አላት ወንድሟ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ልክ በስድስት ሰዓት ደወሉ ተደወለ። ጋሽ ደጀኔ ቆሙ። ወይዘሮ ትርንጎ ከደብተራቸው «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት፣ አንድ ግጭት፣ የሞተ የለም» ብለው አነበቡ። ጋሽ ደጀኔ ወንፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለጌጡ አስረከቡት። ጌጡ ተጋድሞ ተቀበላቸው። ሰዉ አጨበጨበ፣ አውራ ሹሙም ጉንጫቸውን ሳሟቸው። ጋሽ ደጀኔ በሰው ፊት አልቅሰው አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት አለቀሱ።

ስንዱ ሁለቱ መኪኖች መሃል ቆማ ወገቧን ይዛ ሰዉን ታያለች። «እዚህ አገር መኪና የሚነዳ አንድ ሰው እንኳ የለም? እስከ ጀልባው ድረስ ብቻ! ማዶ ሌላ ሹፌር ይጠብቀኛል።»

ከተማው በሙሉ በአንድ ጣት ወደ ጋሽ ደጀኔ ጠቆመ። «አንደኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ አላቸው!»

ጋሽ ደጀኔ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ዞሩ። «ደንቡ አይፈቅድልኝም አይደል?»

ወይዘሮ ትርንጎ ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለበጡት። እንዲህ ቆይተው አያውቁም። «ያልጸደቀ መኪና የማይነካው የከተማዋ ሹፌር ነው» አሉ በመጨረሻ። «የከተማዋ ሹፌር ደግሞ ሶፋው ላይ ናቸው። እርስዎ…» ትንሽ አሰቡ። «እርስዎ ምንም አይደሉም።»

ጋሽ ደጀኔ ያን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ ብታዩት! «ምንም አይደለሁም?»

«ምንም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ መዘገቡትና ፈገግ አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ስንዱን ክንዷን ይዘው ወደ ጎን ወሰዷት። እኔና እትዬ አሰገደች ተከተልናቸው። «ልጄ፣ አልዋሽሽም» አሏት። «መንጃ ፈቃዱ አለኝ። የሚሄድ መኪና ግን ነድቼ አላውቅም።»

ስንዱ እሳቸውን አየች፣ በርጩማውን አየች፣ ሶፋው ላይ የሚያንኮራፋውን ወንድሟን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ደግ ነበር። «ጋሼ፣ ሜዳ አላችሁ?»

ሜዳማ አለን፤ ድልድዩን የተሻገርንበት ሜዳ። የትኛውን መኪና እንደሚወስዱ ስትጠይቃቸው የተከተለን ሕዝብ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ነገር ነው፤ ሊነዳው የሚገባ ሰው ተጠይቆ መልሱ ሲጠበቅ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ጋሽ ደጀኔ ሚስታቸውን ዞረው አዩ። «አሰገድ፣ የቱ ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ቀረብ ያለውን።»

ቀረብ ያለው ሯጩ ነበር። የሯጩ ወገን እልል ሊል ጀምሮ ነበር፤ እትዬ አሰገደች ዞረው ሲያዩት ተወው።

«ግራ ያለው ፍሬን ነው፣ ቀኝ ያለው ነዳጅ ነው። ግራ እግርዎን ይርሱት» አለቻቸው ስንዱ።

«ማርሹስ?»

«ራሱ ይቀይራል።»

ጋሽ ደጀኔ ቅር አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋ ግራ እግር ነው፤ እንዲህ በአንድ ቃል መሰናበቱ አንጀት ይበላል። ሆኖም ሞተሩ ተነሳ፣ መኪናው ነቅነቅ አለ፣ ጋሽ ደጀኔም «በስመ አብ!» ብለው ፍሬን ያዙ። ሁለተኛው ላይ አሥር እርምጃ ሄዱ። በዘጠኝ ሰዓት ሜዳውን አምስቴ ዞረው ከኖራው መስመር አልወጡም ነበር። አንዲት ላም ብቻ ናት የተማረረችው።

በአሥር ሰዓት ተነሳን። ስንዱ ድሎቱን ይዛ ከፊት ሆነች፣ ቀስ ብላ እንድትሄድ ተነግሯታል። እትዬ አሰገደች ከባላቸው ጎን ገቡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀበቶአቸውን አሰሩ። እኔ ልሰናበታቸው ቆሜ ነበር። እትዬ አሰገደች መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አንተ ሰፊ፣ ምን ይገትርሃል? ሦስተኛው ወንበር ያንተ አይደል?» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ። የሴትዮዋን እህት ማየት ነበረብኝ፤ ሎሚዋን በልቼባታለሁ።

መንገዱ የሚወጣው በአደባባዩ በኩል ነው። ሰዉ በሙሉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቆሟል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰዉ እጁን አነሳ፣ አፉን ከፈተ፣ ግን ምን እንደሚል ጠፋው። የሚሄድ ሰው መሰናበት አልተለማመድንም። ከዚያ አውራ ሹሙ ጀመሩት፣ ሁሉም ተቀበለ።

«እንኳን ደህና ገባችሁ! እንኳን ደህና ገባችሁ!» እያለ ከተማው ሸኘን።

ጌጡም ከሶፋው ላይ ወንፊቱን አወዛወዘልን። የሄድነው ቀስ ብለን ነው። ስፖርት የተባለው መኪና ከአደባባዩ ሳይወጣ እንስራ ያዘለች ሴት ቀድማን አለፈች። ጋሽ ደጀኔ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ «ድድድድድ» ይላሉ።

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ» አሏቸው እትዬ አሰገደች። «መኪናው ራሱ ይላል እኮ።»

ጋሽ ደጀኔ አፋቸውን ዘጉ። እውነትም ሞተሩ ራሱ ይል ነበር። ዋርካው ከፊታችን መጣ፣ በቀኝ በኩል ቅርንጫፎቹ ጣሪያውን ዳሰስ አደረጉት፣ ከዚያ ፊታችን ላይ መንገድ ብቻ ቀረ። እኔ እንዲህ ያለ ባዶ መንገድ በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አይቼ አላውቅም። ካፖርቱ የጋሽ ደጀኔን ክንድ አልያዘም። ወንዙ ከሩቅ ሲታይ ጋሽ ደጀኔ፣ ወደ ኋላ ለመዞር ፈርተው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«አሰገድ፣ ዋርካው የት ደረሰ?»

እትዬ አሰገደች አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው ወደ ኋላ ተመለከቱ።

«እዚያው ነው» አሏቸው።

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። በዚህ ጊዜ በግድግዳ በኩል አልነበረም የሰማሁት።